የነገው ዓለም ወንበሮች፦ በሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ የተዋናይ ምርጫ ለምን ያከራክራል?

የድሮ ቤተ መንግሥትን ወይም የጥንት ጦርነትን የሚያሳይ ድራማ የሚሠራ ዳይሬክተር «ለምን እነዚህን ሰዎች ብቻ መረጥህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «ዘመኑ እንዲህ ነበር» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ሁልጊዜ እውነት ባይሆንም መልስ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በከዋክብት መካከል የምትጓዝ መርከብን ታሪክ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ማለት አይችልም። ያ ዘመን ገና አልመጣምና መርከቧን ማን እንደሚነዳት፣ ማን እንደሚያዝባት የሚነግረው የታሪክ መዝገብም ሆነ የዓይን ምስክር የለም። ስለዚህ በዚያ የወደፊት ዓለም ውስጥ የማይታይ ሕዝብ ካለ፣ የማይታየው አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ ወይም ሲመርጥ ስላላስገባው ነው። በሳይንስ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ድራማዎች የተዋናይ ምርጫ ከሌላው ዘርፍ ይልቅ የጦፈ ክርክር የሚያስነሣው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

«ብዝኃነት» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በማስታወቂያ ፎቶግራፍ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ፊቶች ናቸው፦ ስንት ሴት፣ ስንት ጥቁር፣ ስንት እስያዊ አለ፣ አካል ጉዳተኛስ ገብቷል ወይ? ይህ ቆጠራ የሚናቅ አይደለም፤ ከዜሮ ወደ አንድ መሄድ ራሱ ብዙ ትግል የጠየቀ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ቆጠራው የሚመልሰው የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ያ ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ትእዛዝ ይሰጣል ወይስ ይቀበላል? ቤተሰብና ያለፈ ሕይወት አለው ወይ? ታሪኩስ ያለ እርሱ መቀጠል ይችላል? ተራማጅ ተብለው የተመሰገኑ ድራማዎችን ጠጋ ብሎ የመረመረ ሰው፣ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አብረው መልስ ያገኙበት ጊዜ ጥቂት መሆኑን ይገነዘባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ስክሪፕቱ ሲዘጋጅ የተዋናይ ምርጫውን የሚመራው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አጭር መግለጫ ይጽፋል፤ ዕድሜው፣ ጠባዩ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ድርሻ በጥቂት መስመሮች ይቀመጣል። መግለጫው ለተዋናዮች ወኪሎች ይላካል፤ ወኪሎቹ ይመጥናሉ ያሏቸውን ሰዎች ይጠቁማሉ፤ ከተጠቆሙት ጥቂቶቹ ለፈተና ይጠራሉ፤ ከእነዚያም ውስጥ ይበልጥ ያነሱት ተመልሰው መጥተው አብረዋቸው ከሚሠሩት ተዋናዮች ጋር ያነባሉ። በዋና ዋና ሚናዎች ላይ የመጨረሻው ቃል የፕሮዲዩሰሮቹና የቴሌቪዥን ጣቢያው ነው። በዚህ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ትልቁ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በመግለጫው ላይ ባልተጻፈው ነገር ነው። መግለጫው «መሐንዲስ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ቁጡ ግን ታማኝ» ቢል፣ በሆሊውድ ለአሥርተ ዓመታት በተለመደው መሠረት ወኪሉ የሚልከው ነጭ ወንድ ነበር። «ሌላ ሰው አትላክ» ያለው የለም፤ ነገር ግን ዝምታው ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ይሠራ ነበር። በዚህ ዘርፍ ዝምታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሰበረው ዝነኛ ምሳሌ የመጣው ከሲኒማ ነው፤ በ1979 ለታየው «ኤሊየን» የተጻፈው ስክሪፕት ሁሉም የመርከቧ ሠራተኞች ሚና ለወንድም ለሴትም ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ አስፍሮ ነበር፤ ተዋናይቱ ሲጎርኒ ዊቨርም ያንን በር አልፋ ገባች።

ዝምታውን ለመስበር ሁለት መንገዶች አሉ፤ ክርክሮች የሚምታቱትም ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ነው። አንደኛው ዘርንና ፆታን ሳያገናዝቡ ለሚናው የበለጠ የሚመጥነውን መውሰድ ነው። ሁለተኛው አገናዝቦ መምረጥ ነው፤ ይኸውም አንድ ጥቁር ተዋናይ ሚናውን ሲይዝ ታሪኩ ምን እንደሚጨምር፣ ምን እንደሚለወጥ አስቀድሞ ማሰብና ስክሪፕቱንም በዚያው መጠን ማስተካከል ማለት ነው። የመጀመሪያው በር ይከፍታል፤ ድክመቱ ግን ሰውየውን ካስገባ በኋላ ማንነቱን እንዳላየ ሆኖ ማለፉ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ኦገስት ዊልሰን በ1996 ባደረጉት ንግግር ይህን መንገድ አጥብቀው የተቃወሙት ለዚህ ነበር፤ ጥቁር ተዋናይ የሌላ ሰውን ታሪክ እንዲለብስ ከመፍቀድ ይልቅ የራሱ ታሪክ የሚነገርበት መድረክ ይሰጠው የሚል ነበር ክርክራቸው። ዊልሰን የተናገሩት ስለ ቲያትር ቢሆንም፣ የጠፈር መርከብም ከዚህ ጥያቄ አታመልጥም።

ወደ 1966 እንመለስ። በመስከረም ወር በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ የጀመረው «ስታር ትሬክ» በዚህ ጉዳይ ሁሉ መነሻ ሆኖ የሚጠቀስ ነው፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። በመርከቧ ማዘዣ ክፍል ውስጥ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኒሼል ኒኮልስ የግንኙነት መኮንኗን ኡሁራን፣ ጃፓናዊ አሜሪካዊው ጆርጅ ታኬይ ደግሞ መርከቧን የሚነዳውን ሱሉን ሆነው ተቀምጠዋል። ታኬይ በሕፃንነቱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ጃፓናዊ ዘር ስላለው ብቻ ከቤተሰቡ ጋር በአገሩ መንግሥት ካምፕ ውስጥ ታስሮ ያደገ ሰው ነው። ያ ልጅ አድጎ የሰው ልጅን ሁሉ የምትወክል መርከብ ነጂ ሆኖ በየሳምንቱ በአሜሪካውያን ሳሎን ውስጥ መታየቱ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

ኒኮልስ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ድራማውን ልትተው ወስና ነበር፤ ሐሳቧን ያስቀየሯት በአንድ ዝግጅት ላይ ያገኟት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። ድራማውን ከልጆቻቸው ጋር እንደሚከታተሉ ነግረዋት፣ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ ለተመልካቹ የሚናገረውን አስረድተዋት እንድትቆይ ለመኗት። ቆየች። በ1977 ደግሞ የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ሴቶችንና ከአናሳ ማኅበረሰቦች የመጡ ሰዎችን ለጠፈርተኝነት እንድትመለምልለት ሥራ ሰጣት። በማግሥቱ ዓመት ናሳ ከመረጣቸው 35 ዕጩዎች መካከል ስድስት ሴቶች፣ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያንና አንድ እስያዊ አሜሪካዊ ነበሩ። በ1992 ወደ ጠፈር የሄደችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሜይ ጀሚሰን በልጅነቷ ኡሁራን ታይ እንደነበር ተናግራለች፤ በ1993 ደግሞ እርሷ ራሷ በተከታዩ የስታር ትሬክ ድራማ በአንድ ክፍል ላይ ታየች። ፊትን ማየት ብቻውን ዋጋ የለውም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሆኖም የዚያኑ ወንበር ሌላ ገጽታ ማየት ያስፈልጋል። ኡሁራ በአብዛኞቹ ክፍሎች የምታደርገው በጆሮዋ ላይ የተሰካውን የብር ቀለም ማዳመጫ በጣቷ ይዛ ወደ ካፒቴኑ ዞር በማለት መስመሩ መከፈቱን ማሳወቅ ነው። 79 ክፍሎች ባሉት በዚያ ድራማ ውስጥ ይህች ሴት የራሷ ስም እንኳ የላትም፤ ኡሁራ የቤተሰብ ስሟ ነው። «ኒዮታ» የሚለው ስሟ በስክሪን ላይ የተሰማው በ2009 በወጣ ፊልም ነው። 43 ዓመት! ካፒቴኑ ጄምስ ኪርክ ግን የመጀመሪያ ስሙ፣ ወንድሙ፣ የወጣትነት ፍቅሩ ሁሉ ይታወቃል። ወንበሩ ተሰጥቷታል፤ ሕይወቱ አልተሰጣትም። ከእርሷ በፊትም በ1964 መቀረጽ በጀመረው የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል የመርከቧ ሁለተኛ አዛዥ ሴት ነበረች፤ ሚናውንም የያዘችው ሜጀል ባሬት ነበረች። ጣቢያው ያንን ሙከራ ሳይቀበል ቀርቶ ሁለተኛ ሲሠራ ሴቲቱ ወጣች፤ ስሜቷን የማታሳይና በአእምሮ ብቻ የምትመራ የነበረው ጠባይዋም ጆሮው ሹል ለሆነው ለስፖክ ተላለፈ። ከሴት አዛዥ ይልቅ የሌላ ዓለም ፍጡር በማዘዣው ክፍል ቀረ።

ብዙ ጊዜ የሚወሳው የኅዳር 1968ቱ የኪርክና የኡሁራ መሳሳምም እንደዚሁ ሁለት ገጽ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጭና በጥቁር መካከል የሚፈጸም ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን ከሻረ ገና ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላውም ነበርና ትዕይንቱ ድፍረት መጠየቁ አያጠራጥርም። ነገር ግን «በቴሌቪዥን የመጀመሪያው» የሚለው ተደጋጋሚ አባባል ትክክል አይደለም፤ ከዚያ በፊት በብሪታኒያም በአሜሪካም ተመሳሳይ ትዕይንቶች ታይተዋል። ከዚህም በላይ፣ በታሪኩ ውስጥ ሁለቱ የሚሳሳሙት ፈልገው አይደለም፤ በሐሳብ ኃይል የሰውን አካል የሚያንቀሳቅሱ ፍጡራን አስገድደዋቸው ነው።

የሌላ ዓለም ፍጡራን ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ ይህ ዘርፍ ከሌሎቹ የሚለይበት ዋናው መሣሪያ እዚህ ላይ ነውና። ጸሐፊ ስለ ዘረኝነት በቀጥታ መናገር ሲከብደው ፊታቸው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆኑ ሁለት ጠላቶችን ፈጥሮ፣ የሚጣሉት የቀለሙ አቅጣጫ ግራና ቀኝ ስለተለያየ ብቻ መሆኑን ያሳያል። ስታር ትሬክ በጥር 1969 ያደረገው ይህንኑ ነው። ምሳሌው ግልጽ ነው፤ ሁለቱንም የተጫወቱት ግን ነጭ ተዋናዮች ነበሩ። በዚያው ድራማ የጦረኞቹ የክሊንጎኖች ሚና ለነጭ ተዋናዮች ተሰጥቶ ፊታቸው በሜካፕ ይጠቆር ነበር፤ ጥቁረት የጠላት ምልክት ሆኖ ማለት ነው። ከ1987 ጀምሮ ዎርፍ የተባለውን ክሊንጎን የተጫወተው ጥቁሩ ማይክል ዶርን በስታር ትሬክ ድራማዎች ውስጥ ከማንም ተዋናይ በላይ ብዙ ክፍሎች ላይ የታየ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ በግንባሩ ላይ የሚለጠፈው የጎማ ቅርጽ ፊቱን ሸፍኖት ኖረ። በ2002 የወጣው «ፋየርፍላይ» ደግሞ ሌላ ዓይነት መሸፈን አሳይቷል። በታሪኩ መሠረት የወደፊቱ የሰው ልጅ ባህል ከአሜሪካና ከቻይና የተዋሐደ ነው፤ ሰዎቹ ሲናደዱ በቻይንኛ ይሳደባሉ፣ ግድግዳው ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ አለ፤ ከዘጠኙ ዋና ተዋናዮች መካከል ግን አንድም ቻይናዊ የለም። ቋንቋው ተወስዶ ባለቤቱ ቀረ። ይህን ድራማ የሚወዱ ሰዎች ሳይቀሩ ያስተዋሉት ጉድለት ነው።

ምክር መጠየቅም ብቻውን መድኅን አይሆንም። በ1995 የጀመረው «ስታር ትሬክ፦ ቮየጀር» ሴት ካፒቴንን በኬት ማልግሩ በኩል ወደ ዋናው ወንበር ያመጣ ድራማ ነው፤ በዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። በምክትልነት የተቀመጠው ቻኮቴይ ደግሞ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወለደ ገጸ ባሕርይ ነበር። አዘጋጆቹ ባህሉን በትክክል ለማቅረብ ብለው የቀጠሩት አማካሪ ጃማኬ ሃይዋተር ግን የነባር ሕዝብ ተወላጅ ነኝ ማለቱ ሐሰት መሆኑ ከአሥር ዓመት በፊት በአደባባይ የተገለጠበት ሰው ነበር። ውጤቱም በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ቻኮቴይ ከየትኛው ሕዝብ እንደሆነ በቅጡ የማይታወቅ፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀሙ ሥርዓቶችን የሚፈጽም ሰው ሆነ። በቅን ልቦና የተጀመረ ነገር በሥራው ላይ ጥንቃቄ ሲጎድለው የይስሙላ ውክልና ይሆናል።

አሁን ወደ ዘመናችን ትልቁ ንትርክ፣ የነባር ገጸ ባሕርይን ዘር ወይም ፆታ መለወጥ ላይ እንምጣ። ተቃዋሚዎች ሁሉ በጥላቻ የሚናገሩ አይደሉም፤ ለዓመታት የወደዱት ሰው እንዲቀየርባቸው የማይፈልጉ አሉ፤ ስሜታቸው መልስ ይገባዋል። ትክክለኛው መለኪያ፣ ለውጡ ገጸ ባሕርዩን ያ ሰው ያሰኘውን ነገር ነክቷል ወይ የሚለው ይመስለኛል። በ2003 «ባትልስታር ጋላክቲካ» እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ቁማር ወዳዱና ሲጋር አጫሹ የጦር አብራሪ ስታርባክ ሴት ሆነች፤ ኬቲ ሳክሆፍም ተጫወተችው። የቀድሞው ስታርባክ ዲርክ ቤኔዲክት ለውጡን ተቃውሞ ጻፈ። አዲሷ ስታርባክ ግን ሲጋሯንም፣ ቁማሯንም፣ እብሪቷንም ይዛ መጣች፤ ከዚያም በላይ ቁስልና ጸጸት ተጨመረላት። ብዙ ሰው የማያነሣው የዚያው ድራማ ሌላ ለውጥ አለ። በ1978ቱ ሥራ ኮሎኔል ታይንና ቡመርን የተጫወቱት ቴሪ ካርተርና ኸርብ ጀፈርሰን ጥቁር ተዋናዮች ነበሩ። በአዲሱ ታይ ነጭ ሆነ፤ ቡመር ደግሞ በኮሪያዊ ዘሯ ግሬስ ፓርክ ተተካች። አንድ በር ሲከፈት ሌላው በዝምታ ተዘጋ፤ እንደ ስታርባክ ያለ ጩኸት ግን አልተሰማም። ማን ሲለወጥ ነው የምንጮኸው? ይህ ጥያቄ ከክርክሩ ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል።

የቢቢሲው «ዶክተር ሁ» በዚህ ረገድ ልዩ ነው። በ1966 ዋናው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ፣ ጸሐፊዎቹ ጀግናው ሊሞት ሲል በአዲስ አካል የሚነሣ ፍጡር እንዲሆን አደረጉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዶክተሩ ወንድ ብቻ፣ ነጭ ብቻ ይሁን የሚል አንድም የታሪክ ምክንያት አልነበረም፤ በገዛ ሕጉ ነጻ የነበረ ሚና ነው። ያም ሆኖ ጆዲ ዊታከር የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር ተብላ የተሰየመችው በ2017 ነው፤ በሩዋንዳ ተወልዶ በስኮትላንድ ያደገው ንቹቲ ጋትዋ ደግሞ በ2022። የሚገርመው፣ በ1963 የመጀመሪያውን ክፍል ፕሮዲዩስ ያደረገችው የ27 ዓመቷ ቬሪቲ ላምበርት፣ ዳይሬክት ያደረገውም ሕንድ የተወለደው ዋሪስ ሁሴን ነበሩ። ከካሜራው ጀርባ የነበረው ወደ ካሜራው ፊት ለመምጣት ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ፈጀበት።

አዲስ ፊት ሲመጣ የሚከተለው ነገር ሁሉ ትችት ተብሎ መጠራት የለበትም። በ2022 «ኦቢ ዋን ኬኖቢ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የተጫወተችው ጥቁር ተዋናይት ሞዝስ ኢንግራም የዘረኝነት ስድብ የሞላባቸው መልእክቶች እየጎረፉላት እንደነበር በይፋ አሳይታለች። ደካማ የሆነ ስክሪፕት ካለ ወቀሳው የጸሐፊውና የፕሮዲዩሰሩ ነው፤ የተዋናይቱን ቆዳ መስደብ ግን ስለ ድራማው ምንም አይናገርም።

ስለ አካል ጉዳት ያለው ታሪክ አጭር ቢሆንም አንድ ንጽጽር መጥቀስ ይበቃል። ከ1987 ጀምሮ ዓይነ ስውሩን መሐንዲስ ጆርዲ ላ ፎርጅን የተጫወተው ሌቫር በርተን የሚያይ ሰው ነው፤ በዓይኑ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ በታሪኩ ውስጥ እንዲያይ ያደርገዋል፣ በቀረጻው ቦታ ግን የተዋናዩን ዕይታ በእጅጉ ይጋርደው ነበር። በ2022 በጀመረው የስታር ትሬክ ድራማ «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» ዓይነ ስውሩን መሐንዲስ ሄመርን የተጫወተው ብሩስ ሆራክ ግን ራሱ አብዛኛውን ዕይታውን በሕፃንነቱ ያጣ ተዋናይ ነው። በሁለቱ መሐንዲሶች መካከል 35 ዓመት አለ።

እንግዲህ ወንበሩና ሥልጣኑ አብረው የመጡበትን አንድ ድራማ ላንሣ። በ1993 የጀመረው የስታር ትሬክ ድራማ «ዲፕ ስፔስ ናይን» መሪ ተዋናዩ ጥቁር አሜሪካዊው ኤቨሪ ብሩክስ ነው፤ የሚጫወተው ቤንጃሚን ሲስኮ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ፣ አባቱን የሚጠይቅ፣ ምግብ የሚያበስል፣ በጦርነት መካከል ሕሊናውን የሚያስጨንቅ ውሳኔ የሚወስን ሰው ነው። በየካቲት 1998 በታየውና ብሩክስ ራሱ ዳይሬክት ባደረገው ክፍል፣ ሲስኮ በ1953 ኒው ዮርክ ውስጥ የሚኖር ጥቁር የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆኖ ይታያል። ጸሐፊው የጠፈር ጣቢያ አዛዥ ስለሆነ ጥቁር ሰው ድርሰት ይጽፋል፤ የመጽሔቱ ባለቤትም ያንን ከማሳተም ይልቅ የወሩን ዕትም በሙሉ እንዲወገድ ያደርጋል። አንባቢዎች የጸሐፊዎቹን ፎቶግራፍ ለማየት ሲጠይቁ፣ እርሱና በወንድ በሚመስል ስም የምትጽፈው ባልደረባው በዚያ ቀን ከቤት እንዲያረፍዱ ይነገራቸዋል። በዚህ ክፍል የድራማው ተዋናዮች ጭምብላቸውን አውልቀው በገዛ ፊታቸው ታይተዋል፤ ማይክል ዶርንም እንዲሁ።

በ1999 በታየው የመጨረሻ ክፍል ሲስኮ ከዚህ ዓለም ተለይቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ካሲዲ ነፍሰ ጡር ነች። በመጀመሪያ በተቀረጸው መሰነባበቻ መመለሱ የተረጋገጠ አልነበረም። ብሩክስ ትዕይንቱ ከተቀረጸ በኋላ ነገሩ ከነከነው፤ ጥቁር አባት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ የሚያሳይ ፍጻሜ ተመልካች ዘንድ ምን ይዞ እንደሚገባ ስላወቀ ለዋናው ጸሐፊና ፕሮዲዩሰር ለአይራ ስቲቨን ቤር ደውሎ ተናገረ። ቤርም ሰማው። ትዕይንቱ እንደገና ተጽፎ እንደገና ተቀረጸ። በታየው ክፍል ሲስኮ መቼ እንደሆነ መናገር ባይችልም ተመልሶ እንደሚመጣ ለካሲዲ ቃል ይገባላታል።